በእድር ጎላ የተበጠበጠው አድብሉ

የእድራችንን ሰብሳቢ መንገድ ላይ ሳገኘው አሁንም «አንቱ» እለዋለሁ። እናቴ እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ፤ ሽበት ፊት አፌን አልከፍትም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታዬን ነጥቄዋለሁ። ባለጌ ናት የሚለኝ ካለ ይበለኝ፤ ብቻ መጀመሪያ አንብቦ ይጨርስ።

የምንኖረው ቡራዩ ነው። ሠፈራችን እንደ ማንኛውም ሠፈር እድር አለው፤ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስትና ጎላ አለው፣ አስከሬን የሚያመላልስ መኪናም አለው። የድሮው መኪና አሮጌ ስለነበር ጭሱ ለጉድ ነበር። አንድ ጊዜ የአንዲት ጎረቤታችን ቀብር ላይ ካህናቱ ፍትሐት እያደረሱ ሞተሩ ሳይጠፋ ቀርቶ ያን ጥቁር ጭሱን ለቀቀባቸው። አንዱ ቄስ ሳሉ አላቆም ብሏቸው ጸሎቱ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራና ደንብ ወጣ፤ ፍትሐት በሚደረግበት ጊዜ ሁሉ የእድሩ መኪና ሞተር ይጠፋል። እጃችንን አውጥተን ያጸደቅነው እኛው ነን። ለዚያ መኪና ጥሩ ደንብ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ቅናት ነው። ሰበታ ያለ አንድ እድር የሚያብረቀርቅ የአስከሬን መኪና ገዛ የሚል ወሬ መጣ። የኛ ሰብሳቢ ይህን ከሰማ በኋላ ምግብ አልበላለት አለ። ሰውዬው ከአንድ መሥሪያ ቤት በኃላፊነት ጡረታ የወጣ ነው፤ ወንበሩን ቢለቅም ወንበሩ እሱን አልለቀቀውም። ስብሰባ ሲከፍት «እኔ በነበርኩበት ጊዜ» ይላል፣ ሲዘጋም «እኔ በነበርኩበት ጊዜ» ይላል። ተሯሩጦ፣ አሯሩጦን፣ ከጀርመን አገር ያገለገለ ነጭ ቫን አስገዛን። «ዘመናዊ ነው፤ ጭስ የሚባል ነገር የለውም» አለን፣ አምጦ የወለደው ይመስል። ድንቄም ዘመናዊ!

ጭስ የለውም ያለው እውነቱን ነው። ግን ጭሱ በባዶ ሜዳ አይጠፋም። እንዲህ ዓይነት የናፍታ መኪና ከናፍታው ሌላ አንድ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ አድብሉ ይሉታል። ከናፍታው ክዳን አጠገብ ሰማያዊ ክዳን ያለው የራሱ ማጠራቀሚያ አለው፤ ፈሳሹ ወደ ጭስ ማውጫው እየተረጨ ጭሱን ያጠራል። የተሠራው ከንጹሕ ዩሪያና ከተጣራ ውሃ ነው፤ ሌላ ነገር ጠብ ካለበት ይበላሻል፣ ስለዚህ ታሽጎ ነው የሚሸጠው። ይህን ሁሉ እኔ የተማርኩት ከሆነው ሁሉ በኋላ ነው። እሱ ግን ገና መኪናውን ሲረከብ ተነግሮት ነበር። ሻጩ የታሸገ አድብሉ ጨምሮ ሰጥቶ «ሲያልቅ ይሄንኑ ግዙ፣ ሌላ እንዳትሞክሩ» ሲለው ብዙ ሰው ሰምቷል።

ሲያልቅማ!

አንድ እሑድ ተራችን ደርሶ እኔና ሌሎች ሴቶች የእድሩን ዕቃ እያጠብን ነበር። ሰብሳቢው ኮሚቴውን አስከትሎ መጣ፤ አንደኛው ነጭ ጆንያ ተሸክሟል። ማዳበሪያ ነው፣ ገበሬ እርሻው ላይ የሚበትነው ዩሪያ። የሰብሳቢው ሚስት ወንድም ሱሉልታ ገበሬ ስለሆነ ከእሱ ነው ያመጣው።

«ትልቁን ጎላ ስጡኝ» አለ።

«ምን ሊሠሩበት ነው ጋሼ?» አልኩት።

«ለመኪናው አድብሉ ልናዘጋጅ ነዋ! ይሄው ዩሪያ እኮ ነው። ፈረንጅ ስም ስላወጣለት ነው የተወደደው። ሞኝ አደረጉን እንዴ?»

ኮሚቴዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ኮሚቴ ውስጥ አንገት የሚጠቅመው ለመነቅነቅ ብቻ ነው።

ያ ጎላ የተዝካር ወጥ የሚሠራበት ነው። ቢታጠብ ቢታጠብ የቀይ ወጥ ቀለሙ አይለቅም። እዚያ ውስጥ ማዳበሪያውን ዘረገፉት፤ የቧንቧ ውሃ ሞሉበት፤ በወጥ ማማሰያው ያማስሉት ጀመር። ውሃው ገርጣ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከላዩም የዘይት ዓይን ተንሳፈፈ። ከመሃላችን አንዷ «ጋሼ፣ ጨው ቅመሱለት እንጂ!» ስትል ሳቃችን ግቢውን ሞላው። እሱ ምን ተዳው! «ሳቁ፣ ሳቁ፤ ያልገባው ሰው ሁልጊዜ ይስቃል» አለ። ቆሻሻው እንዲቀር ብሎ በሚስቱ ነጠላ አጠለለው። ጥጡን ማን ያጥልልለት? ከዚያ ዘይት በተሸጠበት ቢጫ ጀሪካን አስገልብጦ፣ ሾፌሩን ጠርቶ፣ በሰማያዊው ክዳን አስጨመረው። ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ግቢውን ዞሮ ተመለሰ። «ይኸው!» አለ እጁን ዘርግቶ። አጨበጨቡለት።

አባቴ ያኔ በሕይወት ነበር። ከዘራውን ተደግፎ በር ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም አይቷል። «ስሞት እኔንም በዚህ ጎላ እንዳይቀቅሉኝ አደራ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሳቅ ገደለኝ።

አባዬ የተፍኪ ልጅ ነው። ተፍኪ ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በወጣትነቱ ለሥራ ብሎ ሰበታ ገባና ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሠራ፤ ቡራዩ የመጣነው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ሰበታን አይወዳትም ነበር። በላብህ ሌላ ሰው የሚከብርባት ከተማ ናት ይል ነበር። መጨረሻ ላይ አልጋ ሲይዝ የእናቴን እጅ ይዞ አንድ ነገር ብቻ ለመናት። «ሰበታ ጉልበቴን በልታለች፤ አጥንቴን አትስጪያት። ተፍኪ፣ እናቴ ጎን አሳርፊኝ።» እናቴ «ቃሌ ነው» አለችው። እኔ ፊት ነው ያለችው። ሌላ የጠየቀው ነገር የለም፤ ውርስ የለ፣ ሐውልት የለ፣ ድግስ የለ።

ክረምት ላይ አረፈ። ቡራዩ ፍትሐት ሲደረግ በደንቡ መሠረት ሞተሩ ጠፋ፤ ሲያበቃ ተነሣ። አስከሬኑ ከኋላ፣ እናቴና እኔ ከሾፌሩ ጎን፣ ሰብሳቢውና ኮሚቴው ከካህናቱ ጋር በሚኒባስ፣ ለቀስተኛው በሌላ ሚኒባስ ሆነን ወጣን።

ሾፌሩ ጥሩ ልጅ ነው፣ ጭንቅላቱን ግን አያስጨንቅም። ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ለጥፏል። ከሥዕሉ ጀርባ አንድ ቀይ ነገር ቦግ እልም ይላል።

«ምንድነው የሚበራው?» አልኩት።

«ተይው ባክሽ፤ ስንት ጊዜው ነው። ዓይኔን ሲያስቸግረኝ እሷን ለጠፍኩበት።»

ሥዕሉን ቀስ ብዬ ገለጥ አደረግሁ። በማላውቀው ቋንቋ ጽሑፍ አለ፣ ከሥሩ ቁጥር አለ።

«ቁጥሩስ?»

«የናፍታው መሰለኝ። ግን ናፍታ ስቀዳ አይጨምርም፤ ዝም ብሎ ይቀንሳል።»

በስመአብ! ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አንስቼ በትርጉም መተግበሪያው አስነበብኩት። ጀርመንኛ ነው። የአድብሉ ጥራት ችግር አለበት ይላል፤ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ሲያልቅ ሞተሩ ከጠፋ ዳግመኛ አይነሣም ይላል። መኪናው ራሱ በኮምፒውተሩ ቆልፎ እንቢ ይላል ማለት ነው። ስንት ጊዜ ሲጮህ የነበረውን ነው እንግዲህ ልጁ በሥዕል ያፈነው። ዓለም ገና ስንደርስ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። የሾፌሩ ፊት አመድ መሰለ።

«ካልጠፋ ግን ይሄዳል አይደል?» አልኩት።

«ካልጠፋማ ይሄዳል።»

«እንግዲያው ተፍኪ እስክንደርስ ቁልፉን እንዳትነካው። ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ እህቴ።»

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ አልነገርኳትም።

ሰበታ መሃል ላይ የአባዬ እህት ከነጎረቤቶቿ፣ ከነካህናቶቿ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀናለች። አስከሬን በዘመድ ደጅ ሲያልፍ ይቆማል፤ ይለቀሳል፣ ፍትሐት ይደረጋል። ይህን የሚቃወም የለም፣ እኔም አልቃወምም። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ፤ ሞተሩን አላጠፋም። የሰማዩ ውሃ ይወርዳል። አክስቴ መኪናው ላይ ተለጥፋ «ወንድሜን!» እያለች ትጮሃለች። በዚህ መሃል ሰብሳቢው ጃንጥላውን ዘርግቶ ከሚኒባሱ ወረደና ሾፌሩ መስኮት ላይ መጣ።

«ሞተር!» አለ።

«ጋሼ፣ ከጠፋ አይነሣም» አልኩት። «መኪናው ራሱ ጽፎታል፣ ይኸው ይዩት። አድብሉው ተበላሽቷል።»

«ጠዋት ጠፍቶ ተነሥቶ የለም እንዴ?»

«ጠዋት ቁጥሩ ነበረው፣ አሁን አልቋል! በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ ተፍኪ እንድረስ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለገ ይሁን።»

«ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ይገባኛል። የሰበታ ሰው እያየን ነው። ካህናት ቆመው ሞተር ይጮሃል? ደንብ አለን።»

«ድምፁ እኮ አይሰማም! ጭስ የለውም ያሉት አንቱ አይደሉም እንዴ?»

ሾፌሩ መሪውን ይዞ ደርቋል። ሰብሳቢው እጁን በመስኮቱ አስገብቶ፣ በሾፌሩ ጉልበት ላይ ተንጠራርቶ፣ ቁልፉን ራሱ አዞረው። ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ኮቱን አስተካክሎ «ጸሎት ይጀመር» አለ።

ጸሎቱ አለቀ። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ሳል እንኳ የለም፤ ጸጥ። ደግሞ አዞረ። ጸጥ። ቀዩ ጽሑፍ ብቻ ከእመቤታችን ሥር ይበራል።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጠላቴም አይይ። ኮሚቴው ኮፈኑን ከፍቶ እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ ተደረደረ። አንዱ ባትሪ ነው አለ። አንዱ እንግፋው አለ፤ ገፉት፣ አባቴን ተሸክሞ የቆመውን መኪና በጭቃ ላይ እያንሸራተቱ ገፉት። አንዱ ጭራሽ ሰማያዊውን ክዳን ከፍቶ ጸበል እንጨምርበት አለ። ክዳኑ ሲከፈት ግን እኔም አየሁ፤ አፉ ዙሪያ ነጭ ነገር እንደ ጨው ደርቆበታል፣ መሃሉ ላይ ቀይ ቅባት ተጋግሮበታል። የወጡ ቀለም! ለሰብሳቢው አሳየሁት። «ዝገት ነው» አለኝ። ኧረ አለማፈር!

ይሄኔ አንድ የሰበታ ሽማግሌ መጡ፤ የዚያ የቀናንበት እድር ሰው ናቸው። «የኛ መኪና ቆሟል። ውሰዱትና ሰውዬውን አድርሱት» አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር።

«እናመሰግናለን ኦቦ፤ አሁን ይነሣል» አለ ሰብሳቢው።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ዝም በይ። አስከሬን ከመኪና መኪና ስናገላብጥ ልንታይ ነው? እኛ መኪና የሌለን እድር ነን?»

የሰበታው ሽማግሌ እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት፣ ከዚያ ትከሻቸውን ሰብቀው ሄዱ። ሰብሳቢው ስልክ ላይ ተጣደ። አንድ መካኒክ በኮምፒውተር ካልሆነ አይነሣም አለው፤ ዘጋበት። ሌላ ደወለ፤ ያኛውም ያንኑ አለ። ሌላ ደወለ። የሚፈልገው መካኒክ ሳይሆን እሺ የሚለው ሰው ነበር። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሰበታው እድር ሰው ሲልክ፣ መኪናው ለራሳቸው ቀብር ወጥቷል ተባለ።

«በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እንጫነው» አልኩ። «ገመድ አለ፣ ሸራ አለ። ተፍኪ እኮ እዚህ ነች!»

ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተማከሩ። ነውር ነው አሉ። ሰው እንደ ሻንጣ ጣሪያ ላይ አይታሰርም አሉ። ቃሉን ተናዝዞ የሞተን ሰው ከማይፈልገው አፈር ውስጥ መክተት ግን ነውር አይደለም! ይሄ የማን ነውር ነው፣ እስቲ የገባው ያስረዳኝ። የሚኒባሶቹ ሾፌሮችም አፈገፈጉ፤ በዚያ መንገድ አምሽተን አንመለስም አሉ። ካህናቱ ሰዓታቸውን አዩ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ «እዚሁ ሰበታ ቅርብ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አስተዳዳሪውን አውቃቸዋለሁ» አለ። አውቃቸዋለሁ ሲል ደግሞ ኮራ ብሏል።

እናቴን ሊያናግሯት መጡ። የመኪናው ደፍ ላይ ተቀምጣ እግሯ በዝናብ ይረጥባል። ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ሁሉንም አብራራላት፤ የመኪናውን ነገር፣ የሰዓቱን ነገር፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ። እናቴ ቀና ብላ አየችው።

«ቃል ገብቼለታለሁ እኮ» አለች።

ሌላ አልተናገረችም። እሱ ወደ ሰዎቹ ተመልሶ «ተስማምተዋል» አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልሄድበት ስነሣ አክስቴ ወገቤን ይዛ አስቀረችኝ። «ተይ ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ሰው አይደበደብም» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባቴን በእጃቸው ተሸክመው ወሰዱት። የሰበታ ልጆች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ዝናቡ አልቆመም። አፈሩ ጥቁር ጭቃ ነው። ሳጥኑ ሲወርድ እናቴ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን እንደ እብድ ጮኽኩ።

ከዚያ የሕይወት ታሪክ ይነበብ ተባለ። ሰብሳቢው ነው የሚያነበው፤ ማን ሊቀድመው! ከኮቱ ኪስ ቡራዩ እያለን በኮምፒውተር የተጻፈውን ወረቀት አወጣ። መነጽሩን አደረገ። የተወለደበትን አነበበ፣ የሠራበትን አነበበ፣ ጠባዩን አመሰገነ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንዲያውም ድምፁን ከፍ አደረገ። «በተናዘዙት ቃል መሠረት ዛሬ በትውልድ ቦታቸው በተፍኪ፣ ከወላጅ እናታቸው ጎን፣ ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት...»

«ይሄ ሰበታ ነው» አለች እናቴ።

ሁሉም ሰማት። ካህናቱ ዘወር አሉ። ሰብሳቢው ከመነጽሩ በላይ አያት፤ ከዚያ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ያቆመበትን ፈለገና ቀጠለ። «...የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ተፈጽሟል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያኑር።» አንድ መስመር መሰረዝ ምን ያቅታል? እስክሪብቶው እኮ ደረት ኪሱ ላይ ተሰክቷል።

ሰው እየተንቀሳቀሰ ሳለ ስልኬ ጠራ። አጎቴ ነው፤ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ተፍኪ ያለው። እነሱ ጋ ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ አልነበረም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የት ደረሳችሁ? አገሩ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ላይ ቆሟል። ከእናታችን ጎን ነው የቆፈርንለት። ጉድጓዱ ውሃ እየሞላብን ነው፤ በባልዲ እየቀዳን እየጠበቅናችሁ ነው። ቀረባችሁ ወይ?»

ሰብሳቢው ከፊቴ ቆሞ ወረቀቱን እያጠፈ ነበር። ስልኩን ዘረጋሁለት።

«ጋሼ፣ የተፍኪ ሰዎች ናቸው። አንቱ ይንገሯቸው» አልኩት።

ተቀበለኝ። የአጎቴ ድምፅ ለእኔም ይሰማል፤ «ሃሎ? ሃሎ? እንቅዳው ወይስ ደርሳችኋል?» ይላል። ሰብሳቢው አዲሱን መቃብር አየ፣ እናቴን አየ፣ የጫማውን ጭቃ አየ።

«መንገድ ላይ ነን፤ እየመጣን ነው» አለና ስልኩን ዘጋው።